እሳት የሌለው ብየዳ

ለልጄ አባት፤

ጤናህ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅም። ሐኪሙ በየጠዋቱ በግፊት በርሜሉ ክብ መስኮት አጮልቆ ያይሃል፤ ከዚያ ምግብ ቤት ገብቶ «ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ትልቁን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል» እያለ ለሁላችን ያወራል። እንቅልፍህን፣ የሆድህን ነገር፣ በማን ላይ እንደተቆጣህ ሳይቀር እናውቃለን። በርሜል ውስጥ የገባ ጠላቂ ገመና የለውም። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለ ጤናህ ሳይሆን ስለ አፍህ ነው።

ወረቀቱን በፎጣዎቹ መሐል አድርጌዋለሁ። በእርሳስ የጻፍኩት አንተን ለመናቅ አይደለም። እስክሪብቶ እዚያ ግፊት ውስጥ ሲገባ ቀለሙን ይተፋል፤ ባለፈው አብሮህ የሚጠልቀውን የቀጮን አንሶላ ያበላሸው እሱ ነው፣ ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ቀጮ ቀድሞህ ፎጣውን ቢያነሳና ይህን ቢያነበው ግድ የለኝም። ሁለታችሁም ከዚያ የብረት በርሜል የምትወጡት፣ ከባሕሩ ጥልቀት ይዛችሁት የመጣችሁት ግፊት ቀስ እያለ ወርዶ ሲያልቅ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በሩ ቢከፈት ደማችሁ እንደተናጠ ለስላሳ ይፈላል። ስለዚህ ዛሬ፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔ ስናገር ጃኬትህን አንስተህ መውጣት አትችልም። ይህን ዕድል ሳልጠብቀው ነው ያገኘሁት፤ አላባክነውም።

ወደዚህ መርከብ ስትመጣ አልጠራንህም። እኔ ልብስ ማጠቢያዬ ውስጥ፣ ልጅህ መቆጣጠሪያ ክፍሏ ውስጥ፣ ሁለታችንም በሰላም እየሠራን ሳለ ነው ጠላቂዎች ተጨመሩ ተብሎ ቦርሳህን አንጠልጥለህ የወጣኸው። መሰላሉ ጫፍ ላይ ስታየኝ ጫማህን ለማሰር ጎንበስ አልክ። ጫማህ ማሰሪያ አልነበረውም። ልጅህን ስታገኛት ደግሞ እንደ ማንኛውም የመርከብ ሰው እጇን ጨብጠህ «እንደምን አለሽ» አልካት። እሷም እያወቀችህ «ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አለችህ። የአባቴን ስም ስለያዘች የማን ልጅ እንደሆነች ማንም አላወቀም። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ለሦስታችንም ይበጃል ብዬ ነበር። ይኸው ላንተ በጀህ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የዚያን ባሕር ላይ የቆመ የነዳጅ ማማ እግር የሰነጠቀው ማዕበል እንጂ ልጅህ አይደለችም። ድሮ ቢሆን አንተና ቀጮ ወርዳችሁ እግሩን የብረት ሳጥን ታለብሱት ነበር፤ ውሃውን በጋዝ ገፍታችሁ ታስወጡና ባሕር ወለል ላይ ደረቅ ክፍል ውስጥ ቆማችሁ እንደ መንደር ጋራዥ ትበይዱ ነበር። ጎበዝ ነበርክ፤ አልዋሽም። ዛሬ ግን ልጅህ ከመርከቡ ሆና የምታዘው ማሽን ብቻውን በገመድ ይወርዳል። ስንጥቁን ሰርስሮ ያወጣል፣ በጉድጓዱ ውስጥ የብረት ዘንግ ከትቶ በኃይል እያሽከረከረ ይጫነዋል። በሰበቃው ሙቀት ብቻ ዘንጉ እንደ ሊጥ ላልቶ ከእግሩ ብረት ጋር አንድ ይሆናል። ነበልባል የለም፣ ጭስ የለም፣ ሰውም አይወርድም።

እሷ ናት ያስረዳችኝ። ማጠቢያ ክፍሌ መጥታ የእንጨት ማንኪያ እጀታ በደረቅ ሳሙና ላይ አቆመችና በሁለት መዳፎቿ እያሸች አሽከረከረችው። ሳሙናው ሲለሰልስና እጀታውን ግጥም አድርጎ ሲይዘው «በቃ እማ፣ ሥራዬ ይኸው ነው» አለችኝ። የቀረውን እንደ ልማዴ ሰው ከጣለው መጽሔት የተገነጠለ ገጽ እየለቀምኩ አነበብኩ። የዘንድሮው ማሽን ከበፊቶቹ ይለያል። የሚጫንበትን ኃይል ራሱ እየለካ ያስተካክላል፤ ሲጨርስም በዙሪያው የደነደነውን ብረት መልሶ አሙቆ ያለዝበዋል። ድሮ ከዳር እንደ ሸክላ እየሆነ ይሰበር የነበረው ይህ ስላልነበረው ነው ትላለች። ይህን ስትናገር ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ብታይ! ግን አላየኸውም።

ብየዳ እንዳትማር ለምኛት ነበር፤ እወቀው። «የአባትሽን መንገድ ተይ» ስላት «ሌላ ብየዳ ነው እማ፣ በዚህኛው ሰው ከቤቱ አይርቅም» አለችኝ።

አንተ ግን ምግብ ቤት እግርህን ዘርግተህ «እሳት የሌለው ብየዳ ብየዳ አይደለም፤ ክር ያልገባበት መርፌ ነው» ስትል ጠላቂዎቹ ሁሉ ሳቁ። «ባሕሩን በኮምፒውተር ጨዋታ ሊጠግኑት ነው» ብለህ ጨመርክበት። እሷ ሰሃኗን ይዛ በጀርባህ እያለፈች ነበር። «ጋሼ፣ ይምጡና ጨዋታውን ላስተምርዎ፤ መነጽርዎን ብቻ እንዳይረሱ» አለችህ። ያን ጊዜ የተሳቀው ባንተ ነው። ጉሮሮህን ጠርገህ ጨው አቀብሉኝ አልክ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እሰማ ነበርና ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅህም።

ከዚያ የእሷን ሥራ እንድትመረምር አወረዱህ። ብረቱ ላይ ማግኔቱን አስጠግተህ ቀለሙን ረጨህ። ስንጥቅ ካለ ቀለሙ መስመር ሠርቶ ይቀመጣል፤ ከሌለ ታጥቦ ይሄዳል። የባሕሩ ጭቃ ተነስቶ ስለነበር የራስ ቁርህ ካሜራ ያሳየው ድፍርስ ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለን ያንተ ቃል ሆነ። «ስንጥቅ አለ፣ ከዳር እስከ ዳር» አልክ። አለቃው አመነህ። ዕድሜውን ባሕር ውስጥ የጨረሰ ሰው ምን ብሎ ይዋሻል?

ዘንጉን ቶሎ አቁማዋለች፣ ቸኩላለች ተባለ። ማሽኑ የመዘገበውን አውጥታ ብታሳየው አለቃው «ስክሪን ከሚነግረኝ ባሕር ውስጥ የነበረ ሰው የሚነግረኝ ይበልጥብኛል» አላት። ወደብ ስንደርስ ሻንጣዋን ይዛ ትወርዳለች። ማሽን የማንቀሳቀስ ፈቃዷም ይሰረዛል። የማማ እግር አበላሸች የተባለችን ልጅ ከዚህ በኋላ የሚወስዳት መርከብ የለም። እግሩን ደግሞ ያንተ ቡድን በድሮው መንገድ እንደገና ሊበይደው ነው፤ ማሽኑም ተጠቅልሎ ወደ መጋዘን።

ማታውን ወደ ማጠቢያው መጣች። የሥራ ልብሷን ራሷ አጠበች፣ ራሷ አጠፈች። ከዚያ ሁለት መዳፎቿን ገልብጣ እያየች «እማ፣ እጄ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። እኔም፣ ምን ታደርገዋለህ፣ ባንተ ቃል አምኜ ተቆጣኋት። «ሁልጊዜ ትቸኩያለሽ» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ይህችን ቁጣ ባንተ ላይ ጽፌያታለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የተረኛውን ብርጭቆዎች ልሰበስብ ወደ በርሜሉ መቆጣጠሪያ ገባሁ። ተረኛው ዓይኑን ከግፊት መለኪያው ሳይነቅል «እትዬ፣ ዳክዬዎቹ ዛሬ ወሬ ይዘዋል፤ ጆሮዬን አደነቆሩት» አለኝ። ድምፅ ማስተካከያው ጠፍቷል። «አጥፋልን፣ ያስተጋባብናል» ማለት ልማዳችሁ ነው። የምትተነፍሱት ሂሊየም ድምፃችሁን አቅጥኖ የዳክዬ ጩኸት ያደርገዋል፤ ማስተካከያው ከሌለ እዚህ ላለ ሰው ኳ ኳ ብቻ ነው። ይህን ስለምታውቁ መሣሪያውን ታስጠፉና የአለቃውን ሚስት ሳይቀር ታማላችሁ።

የረሳኸው ነገር አለ። በተጋባን ሰሞን ከዚያ ከአሮጌው መርከብ፣ ከበርሜሉ ውስጥ ትደውልልኝ ነበር። ማስተካከያ የሚባል ዕቃ ያኔ ማን አይቶት! መጀመሪያ ድምፅህን ስሰማ እስቅ ነበር። ከዚያ አለቅስ ነበር። ከዚያ ተማርኩት። መቀበያውን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀምኩ። ፍቅር ነው ያስተማረኝ ብል ትኮራለህ፤ ስለዚህ አልልም።

ስለዚህ ትናንት ጠረጴዛ እየጠረግሁ የተናገራችሁትን ሁሉ ሰማሁ።

ቀጮ «እውነት ግን መስመር አይተሃል? እኔ አጠገብህ ሆኜ ቀለሙ ታጥቦ ሲሄድ ነው ያየሁት» አለህ። ዝም በል አልከው። «ይህን ማሽን ዛሬ ካላዋረድነው ከርሞ አንተም እኔም ወደብ ላይ ገመድ ስንቋጥር ነው የምንውለው» አልከው። እሱም «ልጅቷስ?» አለ። «ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም» አልክ። «ታሳዝነኛለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። የማን ልጅ ትሆን?» አለ።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አልክ።

ብርጭቆ አልጣልኩም። ጠረጴዛውን ጠርጌ ጨረስኩ፣ ለተረኛው ደህና ዋል አልኩትና ወጣሁ። ማጠቢያዬ ገብቼ የልብሱን ማሽን ባዶውን አዞርኩት፤ ከድምፁ ጋር ለመጮህ። ከዚያ ግን አልጮህኩም።

ማሽኑን ነው የመታሁት እንጂ እሷን አልነካሁም ልትል ነው፤ አውቅሃለሁ። እንዲህ ያለች መሸሸጊያ መቼም አታጣም። ማሽን ሻንጣ አያዘጋጅም። ማሽን እናቱ ፊት መዳፉን ገልብጦ አያይም። ስንጥቅ አለ ያልከውን ሥራውን ፈርቶ ነው ብዬ ባልፈው እንኳ፣ «እኔ ምን አውቅልሃለሁ» ያልከውን በየት በኩል ልለፈው? ቀጮ እኮ አልከሰሰህም። ዝም ብትለው ይበቃ ነበር።

የምታደርገውን ልንገርህ። እኔ ለአለቃው አልነገርኩትም። «አጣቢዋ የዳክዬ ቋንቋ ትሰማለች» ብለው መሳቂያ ሊያደርጉኝ? ለልጅህም አልነገርኳትም፤ ይህ ላንተ ሳይሆን ለእሷ ነው። መቀበያውን አንሳና አለቃውን አስጠራ። «ተሳስቻለሁ፣ ስንጥቅ የለም፣ ሌላ ሰው አውርዳችሁ አሳዩ» በል። ለምን እንደተሳሳትክ የፈለግኸውን ምክንያት ስጥ፤ መቼም ውሸት አያጥርህም። ወደብ ከመድረሳችን በፊት ይሁን። አለዚያ የበርሜሉ በር ሲከፈት ልጅህን ከጎኔ አቁሜ እጠብቅሃለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነችም ለቀጮ እኔው አወራለታለሁ።

ፎጣዎቹ ንጹሕ ናቸው። ዕድሜ ይስጥህ፤ እውነቱን ለመናገር የሚበቃህን ያህል።

የልጅህ እናት


ለልጄ አባት፤

ምሳው ይጣፍጥሃል ወይ ብዬም አልጠይቅም፤ እዚያ ውስጥ ምንም ነገር እንደማይጣፍጥ አውቃለሁ። ይህን ሁለተኛ ወረቀት ከሰሃኑ ሥር ታገኘዋለህ። ተናግረህ የጨረስክ መስሎህ ይሆናል፤ የሆነውን ግን ከውስጥ ሆነህ አላየህም። ስለዚህ ልጻፍልህ።

ፎጣው ሸተተኝ ብለህ አስጠራኸኝ። ተረኛው ሳቁን መያዝ እያቃተው መጣና «እትዬ፣ ትልቁ ዳክዬ ፎጣው ሳሙና ሳሙና ይላል ብሎ ተቆጥቷል። ራስዎ መጥተው ካላነጋገሩኝ ብሏል» አለኝ። ሳሙና ካልሸተተ ምን ሊሸት ነበር? እጄን አደራርቄ ሄድኩ።

ስገባ ክፍሉ ውስጥ ተረኛው ብቻ አልነበረም። አለቃው ነበር፤ ልጅህም የማሽኗን ቁልፍ ልታስረክበው መጥታ ቆማለች። አንተ ከውስጥ ሆነህ እዚህ ማን እንዳለ አታይም፤ አልጠየቅህምም። ተረኛውን «አጥፋልን» አልከው። አጠፋው። መናገር ጀመርክ።

መጀመሪያ የሰደብከኝን እዘለዋለሁ። «ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ጸሐፊ የሆንሽው፣ የሳሙና ፕሮፌሰር» ያልካትን ግን አስቀርቻታለሁ፤ አስቃኛለች። ከዚያ ድምፅህ ወረደ። ዳክዬም ሲያፍር ድምፁ ይወርዳል ለካ።

ስንጥቅ አልነበረም አልክ። «በጓንት ሆኜ ዳበስኩት፤ ዘንጉ የት እንደሚያልቅ፣ እግሩ የት እንደሚጀምር ላገኘው አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስበይድ እንዲያ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው የገባኝ፤ ከእንግዲህ ማንም እኔን አይፈልገኝም» አልክ። ይህን ስትናገር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለአፍታ አሳዘንከኝ። አላቆየኸውም። ወዲያው «ለልጅቷ ግን እንዳትነግሪያት» አልክ። ለአለቃው መናገር አልችልም፣ ዋሽቶ የተያዘ ጠላቂ ሁለተኛ አይጠልቅም አልክ። «የማውቀው ሰው አለ፤ ሌላ መርከብ ላይ አስገባታለሁ» አልክ። ሥራዋን ነጥቀህ ውለታ ልትውልላት! መጨረሻ ላይ ደግሞ ነደደህ። «ያኔ ያለ አንድ ቃል ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጠሽ ያባረርሽኝ ሴት ዛሬ እውነት ልታስተምሪኝ! ምን አድርጌሽ ነበር? እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም» አልክ።

በዚህ ሁሉ መሐል ተረኛው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። «ኧረ በፎጣ ይህን ያህል!» ይላል። አለቃው እንኳ ፈገግ ብሎ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያልሳቅነው ሁለት ሰዎች ነን።

መጀመሪያ አላስተዋልኳትም። ቀና ስል ቁልፉን ለማስረከብ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ዓይኗ ድምፅ ማውጫው ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እኔ ያንን ቋንቋ ስማር ጭኔ ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር ረስቼዋለሁ። አንተ ስትደውል መቀበያውን በሁለታችን ጆሮ መሐል አድርጌ እይዘው ነበር። ከበርሜል ወጥተህ ቤት ስትመጣና በወፍራሙ ድምፅህ ስትጠራት እየጮኸች ቀሚሴ ውስጥ የተደበቀችው ለዚያ ነው፤ እሷ የምታውቀው አባት ዳክዬው ነበር። እኔ ለፍቼ የተማርኩትን እሷ አፏን የፈታችበት ነው። ከአንተ ይልቅ እኔ ልፈር፤ ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላሰብኩትም።

ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተችው። በተረኛው ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ማስተካከያውን ከፈተችው። ከዚያ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነችና «አባባ፣ አሁን ያልከውን እስኪ ድገምልኝ» አለችህ።

የተረኛው ሳቅ አፉ ውስጥ ቀረ። አለቃው «አባባ ማነው?» አላት። «ውስጥ ያለው። ትልቁ» አለችው። ሰውዬው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እና ምንድን ነው ያለው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ልናገር አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ። «ተዪ እማ፣ አንቺ አታስተርጉሚለት» አለችኝ።

ሽው የሚለው የጋዙ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ የቀጮ ድምፅ መጣ፤ በማስተካከያው አልፎ የሰው ድምፅ ሆኖ። «ልጅህ ናት እንዴ?» ሲልህ ሁላችንም ሰማነው። መልስህን ግን አልሰማንም። ቀጮም «አለቃ፣ ካሉ ይስሙኝ፤ እኔ እዚያ ብረት ላይ ምንም መስመር አላየሁም። ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት እሱን አክብሬ ነው» አለ።

አለቃው ወደ እሷ ዞረ። ውሳኔዬን ለጊዜው አቆየዋለሁ፣ ነገር ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፣ ሁለተኛው የጠላቂዎች ቡድን ወርዶ ይየው አለ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከዚያ ሰው አፍ አይወጣም፤ ይህም ለእሱ ብዙ ነው። ስልኩን አንስቶ ለካፒቴኑ ተናገረ። እኔ ወደ ማጠቢያዬ ተመለስኩ። ይህን እየጻፍኩ ሳለ በባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ በመስኮቴ ይታይ የነበረው የብስም ከዓይኔ ጠፋ። መርከቡ ወደ ማማው እየዞረ ነው።

ለምን እንዳባረርኩህ ጠይቀሃል። እኔን ብቻ ሳይሆን ዘመዱን፣ ጎረቤቱን፣ የሥራ ጓደኛውን ስትጠይቅ ኖረሃል፤ «ያለ ምንም ነገር» እያልክ። የመጨረሻ ጊዜ ከዚያ ከአሮጌው መርከብ ስትደውልልን፣ ደህና ሁኑ ብለህ መቀበያውን መስቀያው ላይ በደንብ አላሳረፍከውም። አብረውህ ካሉት ጋር ወሬህን ቀጠልክ። ስለ ቤትህ፣ ስለ እኛ፣ ስለ ሌላም። ያልከውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ በእርሳስ እንኳ አልጽፈውም። ያን ዕለት መቀበያውን ብቻዬን አልያዝኩትም ነበር። ልጅ ናት፣ ምን ይገባታል እያልኩ ነው ራሴን ያጽናናሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስልክ ሲጠራ ሮጣ አንስታ አታውቅም።

እንግዲህ ሥራዋ ባንተ አፍ ላይ አልተንጠለጠለም። ብትናገር አትጠቅማትም፤ ዝም ብትል አትጎዳትም። ሁለተኛው ቡድን ይወርዳል፣ ያየውን ይናገራል። ላንተም የሚቀርልህን እኔ እንጃ፤ ጠላቂነትህ እዚህ ላይ ሳያበቃ አይቀርም።

እሷ ግን ከመናገሪያው ፊት አልተነሳችም። ምሳሽን ብዪ ብላት «ቆይ» አለችኝ። ማስተካከያውን ማንም እንዳይነካው አዛለች። ምን እንደምትጠብቅ አልጠየቅኳትም፤ አንተም እንዳትጠይቃት።

እኔ ወደዚያ ክፍል አልገባም። አንተን ለመረዳት ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግም፤ የማንም ሰው ጆሮ ይበቃል።

ለጉልበትህ ምሕረት ያውርድልህ፣ ለአንደበትህ ድፍረት። ሰሃኑን ስትጨርስ በዕቃ ማስገቢያዋ መልሰው፤ ወረቀት እንዳትመልስ። የምትለውን ለእሷ በላት።

የልጅህ እናት